ምላሷን ያዋሰችን ዘይነባ

አርብ ጠዋት ከኪዳን ጸሎት ስመለስ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አንድ ወጣት ከኮምቦልቻ እንደሚደውልና የዘይነባ የወንድም ልጅ እንደሆነ ነገረኝ። ደኅንነቴን ጠየቀኝ፤ የቤተሰቤን ጠየቀኝ፤ የአገሩን ጠየቀኝ። ሰላምታው ሲረዝም ልቤ አወቀው።

«አክስቴ ትናንት ወደ አኼራ ሄደች» አለኝ። «ቀበርናት።»

  ከዚያ እንደ ማፈር ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። እነሱ የሚያውቁት አክስታቸው ልጅ እንዳልወለደች ነው። እሷ ግን ከመጣች ጀምሮ መቀሌ ልጅ አለችኝ፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች ስትል ነበር። ለቀብር የመጣው ጎረቤት ሁሉ ልጅቷ የት ናት እያለ ይጠይቃል። እውነት ልጅ አላት ወይ?

«አላት» አልኩት።

«እንግዲያው መርዶውን እርስዎ ይንገሩልን፤ እኛን በድምፅም አታውቀንም» አለ።

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ነጠላዬን ሳላወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ፌቨን የዚያን ዕለት ማታ ዓዲ ሓቂ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ቤት ትመጣ ነበር።

ዘይነባን ያወቅኋት እዚሁ መቀሌ፣ ቁሓ፣ በተከራየንበት ግቢ ውስጥ ነው። ከኛ በፊት የገባች ናት። ከበሩ አጠገብ ያለችው ክፍል የሷ ነበረች። ከወሎ የመጣችው ከባሏ ጋር፣ ገና በወጣትነቷ ነው። እሱ ጭነት ያወርድ ነበር፤ እሷ ለውዝና ሰሊጥ ትቆላለች፣ ሐላዋ ሠርታ ገበያ ትሸጣለች። ትግርኛዋ የገበያ ትግርኛ ነው፣ ፈጣንና ቀልድ የማያጣው። እኔ በትግርኛ ስጀምርላት ግን በአማርኛ ትመልስልኛለች። «አንድ ሰው እንኳ አማርኛዬን ያስታውሰኝ እንጂ» ትል ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች። አንቱ ስላት ግን ያልሰማች መስላ ታልፈኛለች። አንቺ እስክላት ድረስ አትዞርም።

ረጅምና ቀጭን ነበረች። ጣቶቿ በሰሊጥ ዘይት ሁልጊዜ ያብለጨልጩ ነበር። ስትቀምስ አንድ ዓይኗን ትጨፍንና ሌባ ጣቷን ወደ ላይ ታነሣለች። ጣቷ እስኪወርድ ድረስ በክፍሏ ውስጥ ማንም አይናገርም። ባለቤቴ እንኳ፣ ሾፌር ነውና ወሬ የሚወድ ሰው ነው፣ ያቺ ጣት ከተነሣች ቃሉን ይውጣል።

ባሏ የሞተው በስኳር በሽታ ነው። ይህን የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው። ሐኪም ጣፋጭ ሲከለክለው እሷ ከቤቷ ጣፋጭ የሚባል ነገር አጠፋች። እሱ ታዲያ ሻይ ቤት እየሄደ ስኳር እየቆለለ ይጠጣ ነበር። «ቤቴን አመረርኩበት» አለችኝ። «ውጭ ሄዶ ጣፈጠለት።» 

ፌቨን የታመመችው ጦርነቱ አልቆ ሰላም ከወረደ በኋላ በመጣው ክረምት ነው። ውሃ መጠጣት አበዛች፤ ከሳች፤ ትምህርት ቤት እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። ሐኪሞቹ ስኳር ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ኢንሱሊን ትወጋለች አሉን። አለቀስኩ። ቀጥሎ ግን ሕመሙ መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ ስላልመጣብን እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እስከ ዛሬም አመሰግናለሁ። በዚያ ጊዜ የመጣባቸውን ልጆች እናቶች አውቃለሁ።

ፌቨን መርፌውን ቶሎ ለመደች። ያልለመደችው ሌላውን ነው። የጓደኞቿ ልደት ሲሆን ራሴን አመመኝ እያለች ትቀር ጀመር። ሰው ቤት ስንሄድ ከልጆቹ ተለይታ ከትልልቆቹ ጋር ትቀመጣለች። አንድ ቀን ዘይነባ ይህን አይታ ኖሮ፣ በሳሕን ላይ አንድ ቁራጭ ኬክ ይዛ በራችንን አንኳኳች።

«ዱቄትም ስኳርም የለበትም» አለችኝ። «ብትፈልጊ በመለኪያዋ ለኪያት፤ በፊትም በኋላም።»

ለካኋት። ቁጥሩ እምብዛም ፈቀቅ አላለም። ፌቨን ሳሕኑን በጣቷ እየጠረገች ላሰች።

የተሠራው ከተፈጨ ለውዝና ሰሊጥ ነው። በእንቁላል ፋንታ ውሃ ውስጥ የቆየ የተልባ ዱቄት ያያይዘዋል፤ ስለዚህ የጾም ነው። እሷ የኛን ሥጋ አትበላም፣ እኛም የሷን አንበላም። የለውዝ ኬኩ ግን የሁላችንም ነበር።

የስኳር ምትክ እየተባለ የሚሸጠው ነገር ብዙ ነው። ዘይነባ ፓኬቱ ላይ ያለውን ስም አትጠራም። ኤሪትሪቶል የሚባለውን፣ መልኩ ስኳር የሚመስለውን፣ «ቀዝቃዛው» ትለዋለች፤ ምላስ ላይ ሲያርፍ እንደ ናና ያቀዘቅዛልና። ስቴቪያ ከሚባለው ተክል የሚወጣውን ነጭ ዱቄት ደግሞ «ቅጠሉ» ትለዋለች። ቀዝቃዛው ከስኳር ያነሰ ይጣፍጣል። በስኳሩ ልክ ብቻ ከገባ ጣዕሙ ይጎድላል፤ ልጨምርበት ከተባለ ሆድ ይነፋል፣ ኬኩም ሲበርድ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ቅጠሉ ግን ከልኩ ትንሽ ካለፈ ይመራል። ስለዚህ ሁለቱን ታጋባቸዋለች። ቀዝቃዛውን አድቅቃ ፈጭታ በባዶ የቲማቲም ጣሳ ትሰፍራለች፤ የጎደለውን በቅጠሉ ትሞላለች። ቅጠሉን የምትለካው በክብሪት እንጨት ጫፍ ነው። ያን ጊዜ ትንፋሿን ትይዛለች፤ እኛንም ታስይዘናለች። «አትተንፍሱ፣ ይበናል» ትላለች።

ለገበያ የምትሠራው ሐላዋ ግን በስኳር ነው። የስኳሩ ጣሳ ሌላ ነበር፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት። ሁለቱ ጣሳዎች በአንድ መደርደሪያ ላይ አድረው አያውቁም።

አማቴ ለጥየቃ የመጣች ጊዜ ለፌቨን ነጭ ማር ይዛ መጣች። ማር መድኃኒት እንጂ ስኳር አይደለም ብላ ፌቨንን ልታበላት ፈለገች። እኔ አማቴን እምቢ ማለት ከበደኝ። ዘይነባ ማሩን አየችና «አደይ፣ ነጭ ስለሆነ ጻድቅ መሰለሽ?» አለቻት፤ አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። አማቴ ተቆጥታ፣ ታዲያ የእናንተ ቴምርስ ብትላት፣ «ቴምርም ያው ነው፤ የኛ ነው ብዬ አላዳላለትም» አለች። አማቴ ሳትወድ ሳቀች። ማሩን እሷው በላችው።

ዘይነባ ልኩን የምትፈትነው በሁለት ብርጭቆ ውሃ ነበር። አንዱን በስኳር፣ አንዱን በድብልቋ ታጣፍጥና ጤነኛ ሰው ታስቀምሳለች። የቀመሰው ሰው ካልለየው ልኩ መጥቷል ማለት ነው። እኔ ቶሎ ስፈርድ ትከለክለኛለች። «ቆይ፣ አትቸኩይ፤ ቅጠሉ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።» እውነቷን ነው፤ የቅጠሉ ጣዕም ስኳሩ ከጠፋ በኋላ ይመጣና ይቆያል። ፌቨን እኔም ልቅመስ ስትል ግን ፈጽሞ አትፈቅድላትም። ምላሱ ስኳር የናፈቀ ሰው ሁሉ ነገር ይጣፍጠዋል፣ በናፍቆት አይለካም ትላት ነበር።

አጽዋማት ሲገቡ በሁለታችን መካከል ልማድ ነበረን። በሁዳዴ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ እሷ ትቀምስልኛለች። በረመዳን እሷ እስከ መግሪብ አትቀምስም፤ እኔ እቀምስላታለሁ። «ምላሴ፣ ነይ እስቲ» ብላ በግቢው መሐል ትጣራለች። ተከራይ ተማሪዎች ይስቁብን ነበር።

አንድ ዓመት ግን ረመዳንና ሁዳዴ ተያይዘው ገቡ። «ግቢው ምላስ አጣ» አለች ዘይነባ፣ እየሳቀች።

በዚያው ሰሞን የፌቨን ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን አዘጋጀ። ተማሪው ሁሉ ከቤቱ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። ፌቨን ኬክ ይዤ ልሂድ አለች። ከታመመች ወዲህ ከሰው ጋር ልብላ ብላ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ዘይነባ ደስ ብሏት ገበያ ሄዳ ቀዝቃዛውን ገዛች። ባለ ሱቁ ከጆንያ እየዘገነ በላስቲክ የሚሸጥ ነው፣ የምታውቀው ደንበኛዋ። ስትመለስ ቀኑ ገና እኩለ ቀን ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን መጀመሪያ ቆንጥራ ምላሷ ላይ ታደርጋለች። ያን ቀን እሷም ጾም ናት፤ እኔም ጾም ነኝ። መብራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንደሚጠፋ ተነግሮናል። ጠብቀን እንቅመስ ብንል መጋገሪያው አይሠራልንም። ጣሳው ያው ጣሳ ነው፤ ክብሪቱም ያው። ለክተን ጋገርን።

በዘጠኝ ሰዓት ከጾሜ ስፈታ ቁራሽ ቀመስኩ። እንደዚያ ጣፍጦ አያውቅም። ዘይነባም መግሪብ ላይ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ጣቷን አነሣች፤ ቆይታ አወረደችና ዛሬስ ልዩ ነው አለች።

«የሁለት ጾም በረከት ነው» አልኳት።

«አሚን» አለች።

በማግስቱ ፌቨን ስትወጣ ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ «ጓለይ፣ ዛሬ እንደ ልብሽ ብይ» አለቻት። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ፌቨንም እንደ ልቧ በላች። ስኳር የለውም ብላ ለኬኩ መርፌ አልተወጋችም። ከሰዓት በኋላ ፊቷ በርቶ ገባች፤ ጓደኞቿ የት ነው የተገዛው እያሉ እንደጨረሱት ነገረችን። ጥቂት ቆይቶ ውሃ ጠጥታ አልረካ አለች። ጉንፋንም ይዟት ሰንብቷል። ማስመለስ ስትጀምር ለካኋት፤ መለኪያው ቁጥር አላወጣም፣ ከልክ በላይ ነው የሚል ምልክት ብቻ አሳየ። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናት።

ሐኪሙ ምን እንደበላች ጠየቀ።  ዘይነባ ወደ ፊት ወጣች። «ስኳር ነው የበላችው። የለካሁት እኔ ነኝ» አለች። ስለ ባለ ሱቁ አላነሣችም። ስለ መብራት አላነሣችም። እኔም አብሬ እንደቀመስኩ አልተናገረችም።

ፌቨን ግሉኮስ ሳይሆን ጨው ያለበት ፈሳሽ ተሰቀለላት፤ ኢንሱሊንም ሰጧት። አዛን ከሩቅ ሲሰማ ለዘይነባ ውሃ ይዤላት መጣሁ። ብርጭቆውን ይዛ ቆየች። ጠጪ ስላት፣ እጠጣለሁ፣ እሷ መጀመሪያ ዓይኗን ትግለጥ አለችኝ። እኔ በአንደኛው ወገን ቆሜ በልቤ እመቤታችንን እለምናለሁ፤ እሷ በሌላው ወገን ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ፌቨን ዓይኗን ስትገልጥ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን።

«አደይ ዘይነባ» አለች በደከመ ድምፅ። «ግን ጣፍጦ ነበር።»

«አፍሽን ያዢ አንቺ» አለቻት። ከዚያ ውሃውን ጠጣች። እንባዋ ብርጭቆው ውስጥ ሲገባ አየሁ።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ ስንቀመጥ፣ ያን ያህል ሲጣፍጥ መጠርጠር ነበረብኝ አለችኝ። ከዚያ በላይ ስለዚህ ጉዳይ አላወራችም። የሠራችው ሥራ ነው የሚበልጠው።

ፌቨን ከሐኪም ቤት እንደወጣች ዘይነባ ገበያ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። ረመዳን አላለቀም። መስጊድ ጠይቃ ነበር፤ ጉሮሮ ካልወረደ፣ ለችግር ከሆነ ቀምሶ መትፋት ይቻላል ብለዋታል። ደንበኛዋ ሱቅ ስንደርስ ከእያንዳንዱ ጆንያ እየቆነጠረች ምላሷ ላይ አደረገች፤ ፊቷን እያዞረች በመሐረብ ተፋች። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መሐል። ሰው ቆሞ ያያት ጀመር። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ባለ ሱቁ ነገሩ ገና አልገባውም፤ ሊቀልድ ፈለገ።

«አደይ ዘይነባ፣ ረመዳን አይደለም እንዴ? ወይስ ሃይማኖት ቀየርሽ?»

«የምትበላው ልጄ ናት» አለችው።

ባለ ሱቁ ወደ እኔ ተመለከተ። ፌቨን የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል። እኔ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ሁለት ጆንያዎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ሲታዩ አይለዩም። ከአንዱ ቀምሳ «ይኸ ይሞቃል» አለች። ከሌላው ቀምሳ «ይኸ ነው ቀዝቃዛው» አለች። ከዚያ ሰውየውን አስቀመሰችው። ፊቱ ተለወጠ። ከየትኛው እንደዘገነላት ያን ጊዜ ገባው። አልጮኸችበትም። ከቦርሳዋ ቀይ ክር አወጣችና የስኳሩን ጆንያ አፍ አሰረችው። ክሩ አልቆ ሲጣል ሌላ እየወሰደች ታስርለት ነበር። ከሱ መግዛቷንም አልተወችም።

እኔም የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ስለ ልጅሽ ከሆነ ቅመሺ፣ አትዋጪ አሉኝ። ይሁን እንጂ ዘይነባ እስካለች ድረስ ሳላስፈልግ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ጾም ቢገጥም ባይገጥም የምትቀምሰው እሷ ሆነች።

ፌቨንን ስታገኛት ደኅና ነሽ አትላትም ነበር። «ጓለይ፣ ስንት ነሽ?» ነው የምትላት፤ የስኳሯን ቁጥር ማለቷ ነው። ፌቨን ቁጥሯን ትነግራታለች። ጥሩ ከሆነ አልሐምዱሊላህ ትላለች፤ እኔ ከጓዳ ተመስገን እላለሁ። ቤታችን ለብዙ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚያድረው። ፌቨን ቀስ በቀስ ወደ ልደቶቹ ተመለሰች፤ የራሷን ሳሕን ይዛ ትሄዳለች። ጓደኞቿ ከሷ ሳሕን ይሻሙ ነበር።

አምና ዘይነባ ደከመች። ደረጃ መውጣት፣ እሳት አጠገብ መቆም አቃታት። ወንድሟ ከኮምቦልቻ መጥቶ ወሰዳት። ዕቃዋ ጥቂት ነበር። የቲማቲም ጣሳዋን እጄ ላይ አስቀመጠችና «ምላሴን እንኳ አልተውልሽም፣ ለራሴ ያስፈልገኛል፤ ጣሳውን ያዢ» አለችኝ። ፌቨን አውቶቡሱ እስኪወጣ መስኮቱን ይዛ ቆመች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ መጀመሪያ የደወለችው ለሷ ነው። ዘይነባም ምን ትምህርት ልትማሪ ነው ሳትላት ስንት ነሽ አለቻት።

ያቺ ክፍል አሁን ሌላ ሰው ተከራይቷታል። በሩ ላይ መጋረጃ አለ። እኔ ግን በግቢው ሳልፍ ጆሮዬ ይቆማል፣ ምላሴ ነይ እስቲ የሚለኝ ያለ ይመስለኛል።

የዚያን አርብ ደጃፉ ላይ የተቀመጥኩት እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። ስኳር ላለባት ልጅማ እንዴት ይነገራል? ተነሥቼ ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ቀዝቃዛው አልቋል።

ገበያ ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ባለ ሱቁ አልነበረም፤ እህቱ ናት የቆመችው። ሁለቱ ጆንያዎች ጎን ለጎን አሉ። በአንዱ አፍ ላይ ቀይ ክር አለ፤ ግን ላልቶ፣ ሊወድቅ ደርሷል። ከሌላው ቆነጠርኩና ምላሴ ላይ አደረግኩ።

«እንዴ፣ አደይ» አለችኝ ልጅቷ ነጠላዬን እያየች። «ጾም አይደለም እንዴ?»

ምላሴ እንደ ናና ቀዘቀዘ። ፊቴን አዙሬ በመሐረብ ተፋሁ።

«የምትበላው ልጃችን ናት» አልኳት።

ክሩን አጥብቄ አሰርኩ። ቤት ገብቼ ለውዙን ፈጨሁ፤ ተልባውን ዘፈዘፍኩ። ቅጠሉን በክብሪት ጫፍ ስለካ ትንፋሼን ያዝኩ። እንባዬን ግን መያዝ አልቻልኩም።

ፌቨን አመሻሽ ላይ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ገባች። ሳመችኝ። እጇን ታጠበች፤ ስኳሯን ለካች፤ ለእራቷ መርፌዋን ተወጋች። ሽሮዋን ከጎመን ጋር ሰጠኋት፤ እንደ ልማዳችን ትንሽ እንጀራ አደረግኩላት። ከበላች በኋላ ኬኩን አቀረብኩ። ቁራሹን አፏ ውስጥ አደረገች፤ ማኘኳን ቆም አደረገች። ቅጠሉ ዘግይቶ እስኪመጣ እንደምትጠብቅ ገባኝ። ከዚያ ፊቷ በራና ወደ ግቢው በር፣ ወደዚያች ክፍል ዞረች።

«ማማ፣ አደይ ዘይነባ መጣች እንዴ?»

«ጨርሺው መጀመሪያ» አልኳት።